በአምስተኛው ዛፍ ላይ ስላረፈው ቀይ ቀለም

ለተከበሩ የከተማው የአረንጓዴ ቦታዎች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ አንድ ዛፍ እንዲቆረጥ ጠይቄ ሌላ ዛፍ እንድቆርጥ ስለታዘዝኩበት ቸርነት ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ አሁን ካሉበት ስብሰባ ድረስ ይድረስዎ። ጤናዎ እንደምን ነው? ወገብዎስ? ወገብዎን ለይቼ መጠየቄ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ባለፉት አራት ወራት ስድስት ጊዜ ደጅዎን ብጠና ስድስቱንም ጊዜ ጸሐፊዎ «ጋሼ፣ ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ነገ ብቅ ይበሉ» ስላለችኝ፣ ይህን ያህል ዘመን የተቀመጠ ሰው ወገብ ምን ሊመስል እንደሚችል ማሰቤ አልቀረም። እኔና ቤተሰቤ ለጊዜው ደህና ነን። ለጊዜው ያልኩበትን ምክንያት ከዚህ በታች በትሕትና እዘረዝራለሁ።

ስድስት ጊዜ መጥቼ ስላልተገናኘን ራሴን ላስተዋውቅ። ዛፍ ቆራጭ ነኝ። ሙያው የሚጠራበት ስም ይህ ሆነ እንጂ፣ በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዬ ከጣልኳቸው ዛፎች ይልቅ ደረቃቸውን አራግፌ፣ ሸክማቸውን አቅልዬ ያቆየኋቸው ይበዛሉ። የሰፈሩ ሰው «ጉሬዛው» ይለኛል፤ ስሙ ሲወጣልኝ ዛፍ ስለምወጣ ብቻ ነበር፣ አሁን ግን ጢሜ ከጥቁሩ ነጩ ሲበዛ መልኬም ለስሙ ደርሶለታል። ታች ሆኖ ገመዴን የሚይዝልኝ የባለቤቴ ወንድም ነው፤ በቀን ከሦስት ቃል በላይ ስለማይናገር «ዝምታ» እንለዋለን። ልጄ ደግሞ ከመንገዳችን ላይኛው ጫፍ ባለው መዋእለ ሕፃናት አስተማሪ ናት። ባለቤቴን በተመለከተ፣ ይህን ደብዳቤ እንዳልጽፍ ሳምንት ሙሉ ስትለምነኝ ስለከረመች እጇ እንደሌለበት ልመሰክርላት እወዳለሁ። «አንተ ሰውዬ፣ የገዛ ጥላህንም ሳትጠረጥር አታድርም» ትለኛለች፤ አልዋሸችም። በእኛ ሥራ የማይጠረጥር ሰው አያረጅም፤ አረንጓዴ ቅጠል የለበሰውን ቅርንጫፍ፣ ትናንት የጠበቀውን ቋጠሮ፣ ዝም ያለውን ንፋስ ሁሉ መጠርጠር ግዴታ ነው። አበው «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ ይገኛል ስንጥር» ሲሉ ስንጥሩን ያገኘው ሰው ዛፍ ቆራጭ ሳይሆን አይቀርም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ ወደ ዛፎቹ ልመለስ። በመንገዳችን ግራ በኩል ሰባት ጃካራንዳዎች በአንድ መስመር ቆመዋል። አንደኛው ከመዋእለ ሕፃናቱ በር አጠገብ ነው፣ ሰባተኛው ታች መታጠፊያው ላይ። ሁለተኛው ግንዱን ወደ ግቢው ያዘነበለ ሲሆን፣ ትልቁ ቅርንጫፉ ሠላሳ አራት ሕፃናት ከምሳ በኋላ በሚተኙበት ክፍል ቆርቆሮ ላይ ተዘርግቷል። አምስተኛው ቀጥ ያለ፣ ጥላው ሰፊ፣ የመስመሩ ኩራት ነው፤ በስተጀርባው አምና የተሠራ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ አለ። ከዚህ በላይ ማወቅ የሚያስፈልግዎ ነገር የለም፤ የቀረው መቁጠር ብቻ ነው፣ ችግሩም የመጣው ከዚያ ነው።

ሁለተኛው ዛፍ ታሟል። ይህን ያወቅሁት እንደማንኛውም የሙያ ባልደረባዬ ነው፤ እርስዎም ቢሞክሩት ሥልጠና አያስፈልግዎትም። በመጀመሪያ ሥሩን ይመለከታሉ፤ ከግንዱ ግርጌ ሰሐን የሚያክል እንጉዳይ በቅሎ፣ ጉንዳንም የእንጨት ዱቄት እየተሸከመ ከስንጥቁ ሲወጣ ካዩ ዛፉ ከውስጥ እየተበላ ነው። ቀጥሎ በእንጨት መዶሻ ግንዱን ዙሪያውን እየመቱ ያዳምጣሉ። ጤነኛ እንጨት አጭርና ድፍን ድምፅ ይሰጣል፣ መዶሻውንም ወደ እጅዎ ይመልሰዋል፤ ቦርቧራው ግን ድምፁን ይውጠውና እንደ ባዶ በርሜል ቆይቶ ያጉረመርማል። ልጄ ተማሪዎቿ አንድ አንድ ጊዜ እንዲመቱት ፈቅዳላቸው ነበር፤ ዕድሜዋ አራት የሆነ አንዲት ባለሙያ ሁለት ጊዜ መትታ «ውስጡ ቤት አለ» ስትል ፈርዳለች። እኔም ከእርሷ የተለየ አስተያየት ስለሌለኝ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ብዬ፣ የዝናቡና የንፋሱ ወራት ሳይገባ ሁለተኛው ዛፍ እንዲቆረጥ ይፈቀድልኝ ዘንድ በጽሑፍ አመለከትኩ። መንገድ ዳር ያለ ዛፍ ላይ ያለ ማኅተም እጁን ያሳረፈ ሠራተኛ የሙያ ፈቃዱን እንደሚነጠቅ ደንብዎ ስለሚደነግግ፣ መጋዜን ሰቅዬ መልስዎን መጠበቅ ጀመርኩ።

ከዚህ በኋላ የተደረገልኝን ውለታ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። ማመልከቻዬ በገባ በሦስተኛው ሳምንት ቀለም ቀቢዎ መጥቶ በሁለተኛው ዛፍ ላይ ቀይ የኤክስ ምልክት አደረገ። ስለ ፍጥነቱ አመሰግናለሁ፤ ያን ዕለት ልጄ ደስ ብሏት ለሕፃናቱ የዛፍ መሰናበቻ መዝሙር አስተምራቸው ነበር። በዘጠነኛው ቀን ግን ቀዩ ምልክት ቡናማ ሆኖ አገኘሁት። የጃካራንዳ ቅርፊት ግራጫ ነው፤ ስለዚህ ምልክቱን ለመሰወር የተቀባው ቡናማ ቀለም፣ ቀዩን ሳያዩ ያልፉ የነበሩት ሁሉ ቆመው እንዲያዩት ከማድረግ በቀር የፈየደው የለም። በነጋታው ለአራተኛ ጊዜ ቢሮዎ ስመጣ በርዎ አዲስ ተቀብቶ ገና አልደረቀም ነበርና እጅጌዬን አበላሸብኝ። ቀለሙ ያው ቡናማ ነበር። ከአንድ ቆርቆሮ ወጡ አላልኩም፤ ግጥምጥሞሽ በዓለም ላይ ሞልቷል። እጅጌውን ግን ባለቤቴ እንዳታጥበው ከልክዬ በላስቲክ ጠቅልዬ አስቀምጫለሁ።

ሁለተኛ። ቡናማው በደረቀ ማግስት የሥራ ትእዛዝ ደረሰኝ፤ ማኅተሙ ክብ፣ ፊርማውም ያማረ ነበር። «አምስተኛውን ዛፍ ከሥሩ እንዲቆርጡ ታዘዋል» ይላል። ሰው ነን፣ እንሳሳታለን ብዬ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ከታችኛው ጫፍ ቆጥሮ ይሆናል በሚል በጎ ሐሳብ ወረቀቱን ይዤ መንገዱን ሦስት ጊዜ ወጣሁ ወረድኩ። የታመመው ዛፍ ከላይ ሲቆጠር ሁለተኛ፣ ከታች ሲቆጠር ስድስተኛ ነው። የመብራት ምሰሶውን እንደ ዛፍ ቆጠርኩት፣ አልሆነም። ሰባተኛውን የቢሮዎ መኪና ዘወትር ሐሙስ ጥላው ሥር ስለሚቆም ዘልሎት ይሆናል ብዬ እርሱን ትቼ ከታች ብቆጥር ልክ አምስት መጣልኝና ለአፍታ ደስ አለኝ፤ ቀና ስል ግን ቀዩ ቀለም ያረፈው ከሕንፃው ፊት ባለው በጤነኛው ዛፍ ላይ ነበር።

አምስተኛ። ከሁለት በኋላ አምስት መምጣቱ እንዳይደንቅዎ፤ የጽሕፈት ቤትዎን አቆጣጠር አክብሬ ነው። ከትእዛዙ ጋር የተያያዘው የባለሙያ መግለጫ አምስተኛውን ዛፍ የሚኮንነው በሁለት ማስረጃ ነው። አንዱ፣ ዛፉ «ቅጠሉን ሙሉ በሙሉ አራግፏል» የሚል ነው። ክቡር ሆይ፣ ጃካራንዳ ከማበቡ በፊት በየዓመቱ ቅጠሉን ያራግፋል፤ በዚያው ሰሞን ሰባቱም ራቁታቸውን ነበሩ። ልብሱን ለመለወጥ ያወለቀ ሁሉ ሬሳ ነው ከተባለ ማናችንም በሕይወት የለንም። ሁለተኛው ማስረጃ፣ ግንዱ «በእንጨት መዶሻ ሲመታ የባዶ ድምፅ ሰጥቷል» ይላል። ይህን ሳነብ ከወንበሬ ተነሥቼ የሥራ ሻንጣዬን ከፍቼ አየሁ። መዶሻዬ አለ። ጽሕፈት ቤትዎ የራሱ መዶሻ እንደሌለው የማውቀው፣ ለምርመራ በወጣ ቁጥር የእኔን ሲዋስ ስድስት ዓመት ስለሞላው ነው፤ ሲዋስ ደግሞ ዝምታ በደብተር አስፈርሞ ነው የሚሰጠው፣ በቃል አያምንምና። በደብተሩ ላይ በዚያ ወር የማንም ፊርማ የለም። ባለሙያዎ ግንዱን በምን እንደመታው፣ ድምፁንም በየትኛው ጆሮው እንደሰማው ለማወቅ ጓጉቼ ጠይቄ ነበር፤ ጸሐፊዎ እሱም ስብሰባ ላይ እንደሆነ ነገረችኝ።

ስድስተኛ። ይህኛው ጥርጣሬ ብቻ ነው፤ ስለዚህ እንደ ጥርጣሬ ያንብቡልኝ። ዛፍ ላይ ያለ ሰው ብዙ ያያል፣ ቀና ብሎ የሚያየው ግን የለም። ትእዛዙ ከመድረሱ በፊት በነበረው ሐሙስ በመንገዱ ማዶ ያለ ግቢ ውስጥ ጽድ እየከረከምኩ ሳለ የቢሮዎ መኪና ቆመ፤ ሾፌሩ በር ከፈተ፣ እርስዎም ወረዱ። ፊት ለፊት ተገናኝተን ባናውቅም መሃል ራስዎን ከላይ አሳምሬ አውቀዋለሁ። ከሕንፃው ደግሞ ጃንጥላ የያዙ ሰው ወጡ፤ ዝናብ አልነበረም፣ ጃንጥላውን የፈለጉት ለመጠቆም ነበር። መጀመሪያ ወደ ሕንፃው ግድግዳ ጠቆሙ፤ እዚያ ላይ ትልቅ ሰሌዳ ተሰቅሏል፣ ከመንገድ ሆኖ ያነበበው ሰው የለም፣ እኔ ግን ከላይ ሆኜ «የሚከራይ ቢሮ» የሚለውን አንብቤዋለሁ። ቀጥለው ቅጠል ባይኖረውም በቅርንጫፉ ብዛት ሰሌዳውን ወደሸፈነው አምስተኛው ዛፍ ጠቆሙ። እርስዎም ራስዎን ነቀነቁ። የሕንፃው ባለቤት ማን እንደሆነ በሰፈሩ ስጠይቅ ሁሉም ወሬ ይለውጥብኛል፤ እኔ የማውቀው ከላይ ሲታይ የሁለታችሁ መሃል ራስ በስፋትም በቅርጽም ቁርጥ አንድ መሆኑን ብቻ ነው። ወንድማማች ናቸው አላልኩም። ባለቤቴ «መላጣ ሁሉ ዘመድ ነው እንዴ?» ብላኛለች፣ እውነትም ሁሉም ዘመድ አይደለም። ብቻ አይጥ በበላ ዳዋ ሲመታ ያየ ሰው፣ አይጡ ማን እንደሆነ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

የቆረጣው ቀን ሲደርስ፣ ታዛዥ ሰው ነኝና፣ ከዝምታ ጋር መሣሪያችንን ይዘን አምስተኛው ዛፍ ሥር ተገኘን። መንገዱ በቢጫ ጥብጣብ ታጥሯል፤ የባለሥልጣን ፊት የያዙ ሁለት ሰዎች የሥራ መግለጫ ይዘው ቆመዋል። እኔ መዶሻዬን ሳወጣ ዝምታ ቀድሞኝ ሄደና መዳፉን ግንዱ ላይ አሳርፎ ጥቂት ቆየ። ከዚያ ዘወር ብሎ «ይሄ ጤነኛ ነው» አለ። የዕለቱን ቃል በሙሉ በአንድ ጊዜ ጨረሰ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ቢለመን፣ ቢቆጡት፣ ስምህን ጻፍ ቢሉት ምንም ሳይተነፍስ ገመዱን ጠቅልሎ ትከሻው ላይ ጣለና ሄደ። እኔም ያለ ገመድ ያዥ ዛፍ ላይ መውጣት የተከለከለ መሆኑን ከራስዎ ደንብ ጠቅሼ ተከተልኩት። በሳምንቱ «ለሥራ ትእዛዝ ባለመገዛት» ፈቃዴ ሊሰረዝ እንደሚችል የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ስለ ወረቀቱ ጥራት አመሰግናለሁ፤ ወፍራም ነው፣ ለብዙ ነገር ይሆናል።

ሰባተኛ። እስከዚህ ድረስ የቀለድኩት ቀልድ ስለሚያስታግሰኝ ነው፤ ይህኛውን ግን መቀለድ ሞክሬ አልሆነልኝም። ባለፈው ረቡዕ ከምሳ በኋላ ንፋስ ተነሣ። ማዕበል አልነበረም፤ የተሰጣ ልብስ የሚያወዛውዝ ተራ ንፋስ ነበር። የሁለተኛው ዛፍ ትልቁ ቅርንጫፍ ከነመገጣጠሚያው ተገንጥሎ ቆርቆሮውን ቀደደና የመኝታ ክፍሉ ውስጥ ወረደ። ሠላሳ አራቱ ሕፃናት በዚያ ሰዓት ተኝተው መሆን ነበረባቸው። ያልተኙት የቧንቧው ውሃ በዚያ ቀን እንደ ክር ቀጥኖ ስለነበርና እጃቸውን ታጥበው ስላልጨረሱ ነው። ስለዚህ የከተማውን ውሃ ክፍል ስለ ደካማ ሥራው ከልብ ላመሰግን እወዳለሁ፤ የአንዱን ቢሮ ጥፋት የሌላው ቢሮ ጥፋት ባያድነው ኖሮ ይህን ደብዳቤ ለእርስዎ ሳይሆን ለሌላ ዓይነት ሰው ነበር የምጽፈው። ልጄ ሮጣ ስትገባ አቧራው ገና አልረገበም። ፍራሾቹ በየቁጥራቸው ተነጥፈው ነበር፤ የቅርንጫፉ ስባሪ አስራ አንድ ቁጥርን ከራስጌዋ ላይ በስቶ ሲሚንቶው ድረስ ዘልቋል። ልጄ ወደ ቤት የመጣችው ያቺን ፍራሽ ታቅፋ ነው። ፍራሿን ምግብ የምንበላበት ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ጣቷን በቀዳዳው አሾለከችና አሳየችኝ።

እኔ ከዛፍ ሁለት ጊዜ ወድቄ አውቃለሁ፤ ያን ያህል ግን ፈርቼ አላውቅም። የፈራሁት እርስዎን ብቻ ጠርጥሬ መክረሜን ሳስብ ነው። አራት ወር ሙሉ ቀለም ስመረምር፣ እጅጌ ስጠቀልል፣ መላጣ ሳነጻጽር፣ ያን ቅርንጫፍ በአንድ ከሰዓት ወጥቼ በገመድ ማሰር፣ ወይም ቆርጬ በቀስታ ማውረድ እችል ነበር። ያላደረግሁት ማኅተም ስላልነበረኝና ፈቃዴን እንዳልነጠቅ ስለሰጋሁ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ መጠርጠር የነበረብኝ የገዛ ፍርሃቴን ነበር፤ ይህ ጥፋት የእኔ ነው፣ ለእርስዎ አላካፍልዎትም። ድርሻዎ ሳይቀነስ ይበቃዎታል።

በሁለተኛው ቀን ከጽሕፈት ቤትዎ ደብዳቤ መጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ቢባልም፣ ይህኛው ውሻ የጮኸው ጅቡን ለማመስገን ነው፤ ደብዳቤው ቃል በቃል «ሁለተኛው ዛፍ ተመርምሮ ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ተገኝቷል፤ ቅርንጫፉ የወደቀው በንፋስ ምክንያት በመሆኑ ለመኝታ ክፍሉ ምንም ስጋት የለም» ይላል፤ ከታች የእርስዎ ፊርማ አለበት። መዶሻዬን የተዋሰኝ አሁንም የለም። ዛፉ ላይ የቀረው ሌላኛው ቅርንጫፍ ደግሞ ከወደቀው እምብዛም አያንስም፤ የተዘረጋውም ከዚያው ክፍል በላይ ነው።

ስለ አምስተኛው ዛፍ፣ እኔን ትተው በሌሎች ሰዎች እሑድ ጠዋት ሊያስቆርጡት እንዳሰቡ ሰምቻለሁ፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ እርስዎ ገና ላይሰሙ ይችላሉ። ለሚመጡት ሰዎች ጥቂት ምክር ልስጥ፤ ምክሩን በሐሳብ መስጫ ሣጥንዎ እንዳልከት ሣጥኑ በአራተኛው ዛፍ ላይ በአራት ረጃጅም ምስማር ስለተቸነከረ፣ ወደዚያ በሄድኩ ቁጥር ዛፉ ያሳዝነኛል። የሞተር መጋዝ ይዘው መሰላል ላይ እንዳይወጡ። ከባድ ቅርንጫፍ ከላይ ብቻ እንዳይቆርጡ፤ መጀመሪያ ከሥሩ ሲሶውን ይጋዙ፣ ከዚያ ትንሽ ወጣ ብለው ከላይ፤ አለዚያ ሲወድቅ ቅርፊቱን እስከ ግንዱ ልጦ ይወርዳል። የቁመቱን እጥፍ ያህል ርቀት ዙሪያውን ሰው እንዳይቆም፤ በተለይ ጃንጥላ ይዞ የሚጠቁም ሰው እንዳይጠጋ። ቁስሉን ቀለም እንዳይቀቡት፤ ዛፍ ቁስሉን የሚዘጋው በራሱ ነው፣ ቀለም አያድነውም፣ እርስዎም እንደሚያውቁት ቀለም ዛፍ ላይ ምንም ነገር አይሸፍንም። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፣ ከጣሉት በኋላ ግንዱን ሁሉም መቆራረጥ ይፈልግ ይሆናል፤ እባክዎ አንድ ክብ ቁራጭ ከመሃሉ ያስቀሩልኝ። ሙልት ብሎ ጤነኛ የሆነውን ልቡን ለሕዝብ ማሳየት ስለምፈልግ ነው።

የቀረው የወላጆች ኮሚቴ ትናንት የወሰነውን ማሳወቅ ነው። ወላጆቹ ስለ እንቅልፍ ቦታ ሲጨነቁ የቢሮዎ ስብሰባ አዳራሽ ትዝ አለኝ። አብረን ሄደን ስንጠይቅ የጽዳት ሠራተኛዋ ከፍታ አሳየችን። ሰፊ ነው፣ ጣሪያው ደህና ነው፣ ከላዩ ዛፍ የለም። ወንበሮቹ ላይ ያለው አቧራ በጣት የሚጻፍበት ነው፤ አንዱ አባት ስሙን ጽፎበት መጥቷል። ስድስት ጊዜ የሰማሁት ስብሰባ የት ሲካሄድ እንደኖረ የሚለው አዲስ ጥርጣሬ ለጊዜው ይቆየን። ከሰኞ ጀምሮ ሠላሳ አራቱ ሕፃናት ፍራሽ ፍራሻቸውን ይዘው ከምሳ በኋላ በአዳራሽዎ ይተኛሉ። ልጄ እንደምትለው ጸጥተኞች ናቸው፤ በዚያ ሰዓት በቢሮዎ ያለውን እንቅልፍ አይረብሹም። ይህ የሚቆየው ሁለተኛው ዛፍ በጥንቃቄ ከላይ እየተቀነሰ እስኪወርድ ነው። ሥራውን እኔና ዝምታ በአንድ ቀን ተኩል እንጨርሰዋለን። ማኅተሙ እስከ ሰኞ ካልደረሰኝ ማክሰኞ ማለዳ ያለ ማኅተም እወጣለሁ፤ የሙያ ፈቃዴን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ስለላክሁ ለመንጠቅ አይቸገሩም።

እስከዚያው ለወገብዎ ምቾት፣ ለወንበርዎ ጽናት፣ ለፊርማዎ ውበት እየተመኘሁ፣ ከታችዎ ሆኜ በአክብሮት፣ አንዳንዴም ከላይዎ ሆኜ በጥንቃቄ የምመለከትዎ፣

ታዛዥ የነበርኩት፣
ጉሬዛው፣ ዛፍ ቆራጭ

ግልባጭ፦
ለወላጆች ኮሚቴ
ለውሃ ክፍል፣ ከምስጋና ጋር
ለጃንጥላው ባለቤት፣ ማንነታቸው ሲታወቅ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ሕፃናቱ አዳራሽዎን ስለሚይዙት እርስዎ የሚያርፉበት እንዳያጡ ተነጋግረን የእነርሱን የመኝታ ክፍል አዘጋጅተንልዎታል። ምንም ስጋት እንደሌለው በገዛ ፊርማዎ ያረጋገጡት እርስዎ ስለሆኑ፣ በከተማው ውስጥ ከእርስዎ ይበልጥ ያለ ሐሳብ የሚተኛበት ሰው የለም። አስራ አንድ ቁጥር ፍራሽ ከቀረው ቅርንጫፍ ሥር ተነጥፋልዎታለች። በጀርባዎ ሲተኙ ራስዎን ከቀዳዳው ላይ ያሳርፉ፤ ጣሪያው ስላልተጠገነ ዛፉ ቁልጭ ብሎ ይታይዎታል፤ ንፋስ ተነሥቶ ከላይ የሚሰነጠቅ ነገር ቢሰሙም እንዳይነሡ፣ ደብዳቤዎን ከራስጌዎ ግድግዳ ላይ ለጥፈንልዎታል።